አንድ ሰው ብቻውን የማያስራት መርከብ

ሪታየር ካደረግሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ የት ነበር የሚሠሩት?» ይለኛል። «የባሕር ሙዚየም» እለዋለሁ። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ «እዚህ አትላንታ? የቱ ባሕር ተገኝቶ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከዚህ ተነስቶ የጨው ውኃ ለመንካት ግማሽ ቀን መንዳት ነው። እኔም ሥራውን የጠቆመኝ ሰው መጀመሪያ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ሀብታም ሰውዬ ዕድሜ ልኩን የመርከብ ኮተት ሲሰበስብ ኖሮ ሞተ። ልጆቹ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ዕቃውን አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡና በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ አቆሙ። በቃ፣ ሙዚየም ሆነ።

እኔ ያቺን መጋዘን ወድጃታለሁ፤ ደብቄም አላውቅም። ባለቤቴ እልፍነሽ «እኔን በዚህ ዓይን አይተኸኝ ብታውቅ ኖሮ የት በደረስን!» እያለች ትተርበኝ ነበር። ባለፈው ወር ቁልፌን አስረክቤ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ደግሞ እጄ ሥራ እየፈለገ አስቸገረኝ። የቤቱን በር ሁሉ ዘይት ቀብቼ ጨረስኩ። እልፍነሽ መረራትና «ኧረ በፈጠረህ፣ ቁጭ በልና ጻፈው!» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ በፊት መርከበኛ ነበርኩ። መርከበኛ ስላችሁ ነጭ ኮፍያ አድርጎ በመነጽር ሩቅ የሚያየው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ገመድ ጎታች ነበርኩ። አሰብ ላይ ተቀጥሬ በንግድ መርከብ ስንቱን ወደብ ዞሬያለሁ። ከየወደቡ ግን በደንብ የማውቀው ገመድ የሚታሰርበትን አጭር የብረት ምሰሶ ነው። አለቃችንን ሻለቃ እንለው ነበር። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ስለሚጮህ ነው። በተወጠረ ገመድ አጠገብ የቆመ ሰው ካየ ሰባት ዘሩን ቆጥሮ ይሰድበዋል። ልክ ነበር። የመርከብ ገመድ ተወጥሮ ከተበጠሰ እግር ይዞ ይሄዳል። መርከብ ወደብ ስትጠጋ ደግሞ የፊቷን ገመድ የሚስበውና የኋላዋን የሚስበው ሰው ካልተናበቡ ጉድ ይፈላል። አፍንጫዋ ሲገባ ጭራዋ ይወጣል፣ ጭራዋን ሲያስገቡ አፍንጫዋ ይሄዳል። ያኔ ይህን እንደ ዕውቀት አልቆጠርኩትም፤ እንጀራዬ ነበር።

አትላንታ ስመጣ ይህን ማን ይጠይቀኛል? ኤርፖርት ሻንጣ ጫንኩ፣ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ አደረግሁ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ጎማ ቤት ገባሁ። ሙዚየሙ ዕቃ የሚጠጋግን ሰው ይፈልጋል ብሎ የነገረኝ የጎማ ደንበኛዬ ነው። ኢንተርቪው ያደረገችኝ ዳይሬክተሯ ሚስ ሊንዳ ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ብቻ ነገሯ ሁሉ ደንብ ደንብ ይላል። ደመወዙ ከጎማ ቤቱ እምብዛም አይሻልም፤ ኢንሹራንስ ስላለው እሺ አልኩ።

ያ ሙዚየም ግማሹ በመስታወት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ግማሹ ግን ጎብኚው ራሱ በእጁ የሚሠራው ነው። ልጆች ትንሽ ጀልባ ላይ ጭነት እየጨመሩ መቼ እንደምትሰጥም የሚያዩበት ገንዳ አለ፤ ዕቃ የሚያነሳ ትንሽ ክሬን አለ፤ መርከቦች በጉም ውስጥ እንዳይጋጩ የሚነፉት፣ የቆዳ ከረጢቱን በእጅ ሲጫኑት የሚጮኽ የጉም ጥሩምባ አለ። ሁሉም ይሰበራል። ትናንት ጠግነኸው ዛሬ ይሰበራል። የኔ ሥራ ይኼ ነበር።

የዚህ ሁሉ ጌታ ሚስተር ክላረንስ ነበሩ። የአትላንታ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው የሚወጣ ሽማግሌ። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን የጨረሱት የትልልቅ ፎቆችን ሊፍት ሲጠግኑ ነው። መጀመሪያ ቀን ወርክሾፑ ስገባ የፓንኬክ ሽሮፕ እጃቸው ላይ እያፈሰሱ አገኘኋቸው። ይኼ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እጃቸውን በሽሮፕ ለውሰው አዲስ የሠሩትን የክሬን እጀታ ይዘው ማዞር ጀመሩ። «ልጆች ንጹሕ እጅ ኖሯቸው አያውቅም» አሉኝ። «እጀታው ሽሮፕ ከቻለ ሁሉን ይችላል።» ቀጥለው ጣቶቻቸውን በፕላስተር አሰሩና እንደገና ሞከሩት። ይኼኛው ደግሞ ጣቱን ሪህ ለያዘው ሰው ነው። ከዚያ በግራ እጃቸው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በሕፃን ቁመት። አንዲት እጀታ! እኔ በጎማ ቤት ልማዴ ብሎኗን አጥብቄ «ኔክስት!» ብዬ ነበር የምሄደው።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። አንድ ዕቃ ሲበላሽ የመሣሪያ ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጎብኚዎቹን ያያሉ፤ ፊታቸውን አይደለም፣ እጃቸውን። «ፊት ይግደረደራል» ይሉኝ ነበር። «ደስ ብሎኛል ይልሃል፣ ገብቶኛል ይልሃል። እጅን እይ።» የጉም ጥሩምባው በየጊዜው እየተቀደደ ሲያስቸግረኝ የቆዳውን ከረጢት ደጋግሜ ቀየርኩ፤ ወፍራም ቆዳ ገዛሁ፤ አሁንም ተቀደደ። ሚስተር ክላረንስ ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ለካስ የሚቀድዱት ልጆቹ አልነበሩም። ሲዞሩ ውለው እግራቸው የዛለ እናቶችና አባቶች ናቸው ከረጢቱ ላይ የሚቀመጡት! አጠገቡ አግዳሚ ወንበር አደረግንላቸው፤ ጥሩምባው ዳግም አልተቀደደም።

የሠራኸውን ዕቃ አታስረዳ፣ ሰው እየሞከረው እጅህን አታስገባ፤ ይኼም ሕጋቸው ነበር። «አንተ ሁልጊዜ አጠገቡ ቆመህ አትኖርም» ይሉኝ ነበር። ይህን ሕግ ሲያፈርሱ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደዚያ ልመጣ ነው።

ከዓመታት በኋላ ምሳ እየበላን መርከብ እንዴት እንደሚታሰር አጫወትኳቸው። ሻለቃን እያስመሰልኩ በአማርኛ ጮህኩላቸው። ሚስተር ክላረንስ ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡና «ይኼ ለምን አዳራሹ ውስጥ የለም?» አሉ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሚስ ሊንዳ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ቦታ የለም አለች። አንድ ነገር ካልወጣ ሌላ አይገባም።

«የኔ ደወል ይውጣ» አሉ።

ደወሉ የሚስተር ክላረንስ የዓይን ብሌን ነበር። ድሮ የመርከብ ካፒቴን ከላይ ሆኖ ወደ ሞተር ክፍል ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት የነሐስ ዕቃ ነው። ከቁርጥራጭ አንስተው፣ ወልውለው፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሽቦ ዘርግተው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። አንዱ ልጅ እዚህ ሲያቃጭል ሌላው እዚያ ይመልስለታል። «ኧረ አይሆንም!» አልኳቸው። «እኔ ክረምት ሳይመጣ ጡረታ መውጣቴ ነው» አሉ። «አንተ ትቀራለህ። ቦታው የሚቀር ሰው ይፈልጋል።» ደወሉ ተነቅሎ ወደ ሌላ ከተማ ሙዚየም ሄደ። ሲጭኑት በመጨረሻ ሰዓት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሚስ ሊንዳም ቁርጡን ነገረችን። በጋው እስኪያልቅ ሰው እኔ የምሠራት መርከብ ጋ ቆም ብሎ ካልተጫወተ ይፈርስና በቦታው የሚነካ ስክሪን ይገዛል። ደወሉ እንደሆነ አይመለስም።

እንዴት እንዳልተኛሁ እልፍነሽ ትመስክር። የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ገንዳ ሠራሁ። በአንድ ወገኑ ወደብ አቆምኩ፣ ውኃው ላይ ክንድ የምታህል የእንጨት መርከብ። አንድ ማራገቢያ ከወደቡ በኩል ነፋስ እየነፋ መርከቧን ወደ መሃል ይገፋታል፤ ጎብኚው ስቦ ያመጣታል። የሙዚየሙ ደንብ ማንኛውም ጎብኚ ዕቃውን ብቻውን ማሠራት አለበት ስለሚል፣ የፊቱንም የኋላውንም ገመድ ከጠረጴዛው ሥር አገናኘሁና በአንድ ክብ መዞሪያ እንዲጠቀለሉ አደረግሁ። መዞሪያው በሽሮፕም በፕላስተርም ተፈተነ፤ አለፈ።

ጎብኚው አንዴ ያዞረዋል፣ መርከቧ ትመጣለች፣ «ኩል» ይላል፣ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሰው የማይቆየው የበጋ ሰሞን ሆኖ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ የራሴን ሰዎች ላምጣ አልኩ። እነሱ እንኳ ለኔ ሲሉ ይቆያሉ! ፓስተራችንን ለመንኩ። አንድ ቅዳሜ ከክላርክስተንም ከሮዝዌልም ሰፈር በየመኪናው ተጭነው መጡ፤ ልጆቹ ሠርግ የሚሄዱ ይመስል ለብሰዋል። ሚስ ሊንዳም ልታይ ወርዳለች።

አንድም ሰው አልነካም።

ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገንዳውን ዞሩት። «ወንድማችን፣ ጌታ እጅህን ይባርክ!» አሉኝ። ፎቶ አነሱ፤ ፓስተራችን ጸለዩልኝ። «ንኩት እንጂ! አዙሩት!» አልኳቸው። «ኧረ ግድ የለም፣ ከዚሁ ይታየናል» አሉኝ። ብሉ ሲባሉ በቃን እንደሚሉ እንግዶች ሆኑብኝ። እማማ ዘነበች ደግሞ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፣ አቮንዴል እስቴትስ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የልጅ ልጃቸውን ሶስናን ጨምድደው ይዘዋታል።

«እጅሽን ሰብስቢ! የሰው ዕቃ ነው!»

«እማማ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ቶች ማድረግ ይቻላል እኮ!»

«ቶች ብሎ ነገር የለም! ሰብረሽ ልታስከፍዪን ነው?»

ሚስ ሊንዳ በትሕትና ፈገግ ብላ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕዝቤም አዘንኩ፣ በራሴም አዘንኩ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን የሚስተር ክላረንስ ደወል ነው። የሰውዬውን የዕድሜ ሥራ አስነቅዬ ምን ተከልኩበት?

ሚስተር ክላረንስ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠሩኝ። «የሰዎችህን እጅ አይተሃል?» አሉኝ። «የምን እጅ? ወደ ኋላ አጣምረውት አይደለም እንዴ!» አልኳቸው፤ ተቆጥቼ ነበር። «በሩ ጋ አላየህም?» አሉ። እውነትም እኔ በንዴት አላየሁም፤ ከሳቸው ሰማሁት፣ የቀረውን ኋላ ሰዎቻችን ሞሉልኝ። ሰዎቻችን ሲወጡ አንዲት የማያውቋት አሜሪካዊት የልጅ ጋሪዋ በበሩ ብረት ውስጥ ተሰንቅሮባት ነበር። ሳትጠራቸው ነው ግር ብለው የሮጡላት። ፓስተሩ ሳይቀሩ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ጋሪውን ከነልጁ አንሥተው አሻገሩላት። እማማ ዘነበች የሴትዮዋን ቦርሳ ተቀብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል።

«ያን ጊዜ እጃቸውን ማን ፈታው?» አሉ ሚስተር ክላረንስ።

እኔም መለስኩላቸው። «እኛ ዘንድ ለራስ ብሎ የሰው ዕቃ መንካት ነውር ነው። ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው።»

ሚስተር ክላረንስ ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ታዲያ ዕቃህ ማንንም አያስቸግርም! እኔም በሽሮፕ ፈትኜ ያሳለፍኩት ይኸንኑ ነው፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። አስቸጋሪ አድርገው!»

 በማግስቱ መዞሪያውን ነቅዬ ጣልኩት። የፊቱንና የኋላውን ገመድ ለየሁ፤ አንዱን ከገንዳው በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ ጫፍ አወጣሁ። አንድ ሰው ሮጦ ሁለቱን እንዳይደርስባቸው አራራቅኋቸው። የማራገቢያውን ኃይል ጨመርኩ፤ መርከቧ ሆድ ውስጥ የእርሳስ ብረት ከትቼ ክብደት ሰጠኋት። አሁን እውነተኛ መርከብ ሆነች። አንዱን ገመድ ብቻ የሚስብ ሰው አፍንጫዋን ሲያመጣ ጭራዋ ያመልጠዋል።

ሚስ ሊንዳ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ጎብኚ ብቻውን አይችለውም። ይኼ ከደንብ ውጭ ነው።»

«ሊንዳ» አሉ ሚስተር ክላረንስ፣ «እሱ በመርከብ የኖረ ሰው ነው። ብቻውን አስሮ አያውቅም።»

እስከ ተባለው ቀን ይቆይ አለች። የበጋው መጨረሻ ቅዳሜ ወርጄ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ክርክር የለም አለች።

ፓስተራችንን ዳግም ስጠይቃቸው «ወንድሜ፣ አይተነው የለም እንዴ?» አሉኝ። ያዳነችኝ እልፍነሽ ናት። የሴቶች ጸሎት ላይ ተነስታ «የባሌ ነገር ነው፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ብቻ ኑልኝ» አለቻቸው። ለምን እንደሆነ ደግሞ እሷም አልነገረችም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከተነገራቸው ለይሉኝታ ይነኩታል፤ እሱ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ቅዳሜው ደረሰ። እኔ የሥራ ልብሴን ቀይሬ እንደ ጎብኚ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ሚስተር ክላረንስ ወንበራቸውን ከኋላኛው ገመድ አጠገብ ዘርግተው ተቀመጡ። ሚስ ሊንዳ ከዓምዱ ሥር ቆማለች። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ መጣ፤ የፊቱን ገመድ ሳበ፣ ጭራዋ ወጣ፣ ሳቀ፣ ሄደ። ሚስ ሊንዳ ሰዓቷን አየች። 

የኛ ሰዎች ገቡ። ያው እጅ ወደ ኋላ፣ ያው ምስጋና። «አሻሽለኸዋል፣ ጎሽ!» አሉኝ። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሶስና ግን ከአያቷ እጅ ሾልካ የፊቱን ገመድ ያዘች። ሳበች። አፍንጫዋ መጣላት፤ ወዲያው ነፋሱ ጭራዋን ገፋው። ልጅቷ ወደ ኋላ ተንጋላ ትጎትታለች፣ ጫማዋ ወለሉ ላይ ያንሸራትታታል። «እማማ! ሄደችብኝ! ሄልፕ!»

«ውይ ልጄን!» እማማ ዘነበች ቦርሳቸውን ጣሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው የልጅቷን ገመድ ከኋላ ያዙ። ሁለቱም የፊቱን! አፍንጫዋ ወደቡን ገጨ፣ ጭራዋ ጭራሽ ወደ ገንዳው መሃል ዞረ። የዚያኛውን፣ የዚያኛውን! ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና ሕጉ ትዝ ሲለኝ በእጄ ያዝኩት። እማማ ዘነበች መርከቧን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ዳር ሄዱ። ዳር ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል።

«አንተ ሰውዬ! ሕፃን ስትቸገር ተቀምጠህ ታያለህ? ያዝ እንጂ!»

ሚስተር ክላረንስ አማርኛ አያውቁም። ወደኔ ዞር አሉ። እኔ አፌን በእጄ እንደያዝኩ ነኝ። ከወንበራቸው ተነሡና ገመዱን ያዙ።

ሲስቡ ጉልበታቸው እንደማይችል ያየ አንድ ወንድማችን «ልያዝልዎት» ብሎ ከኋላቸው ገባ። ከሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያ ፓስተሩ። በዚያ ጫፍ ሴቶቹ ከእማማ ዘነበች ኋላ ተሰለፉ፤ እልፍነሽም አለችበት። የማናውቃቸው ጎብኚዎች ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ ማን ጠራቸው? መርከቧ ተስተካክላ ገብታ ወደቡን ስትነካ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጨረሱ ስል እማማ ዘነበች «ፍቱት! አልተስተካከለችም፣ እንደገና!» አሉ።

ሚስ ሊንዳ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እኚህ እናት ክላረንስን ምን እያሏቸው ነው?» አለችኝ።

«ቀስ በል፣ ልጅቷን ጠብቃት እያሏቸው ነው» አልኳት።

ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ትቆይ» አለች።

ሮጬ ልነግራቸው ሄድኩ። «ሚስተር ክላረንስ፣ ትቆያለች! ትቆያለች አለች!» አልኳቸው። በእጃቸው ዞር በል አሉኝ። ዓይናቸው ከእማማ ዘነበች እጅ ላይ አልተነሣም፤ «ሳብ!» ሲሏቸው ይስባሉ፣ «ላላ!» ሲሏቸው ያላላሉ።